ልጅ ከእጅ የሚቀበሉት አሰልጣኝ

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቢቸና በርዷት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ገና ጤዛውን አላራገፈም። ልጆቹ ብስክሌቶቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እየተገፋፉ ይሥቃሉ። እኔ ጎማ እየነፋሁ ነበር። የአሰልጣኛችን የጋሼ ልየው ጎረቤት አቶ ስማቸው በበሩ ገቡና ቆም እያሉ፣ እንደገና እየተራመዱ ወደ እኛ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ያየሁት አጠገቤ ሲደርሱ ነው።

«ልጄ፣ እነዚህን ልጆች ወደየቤታቸው ላኪያቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልየው ሌሊት ዐርፏል።»

ፓምፑን አልለቀቅኩትም። ጎማው እስኪጠነክር ነፋሁት፤ ከጠነከረም በኋላ ነፋሁት። ከዚያ ቀና ብዬ ልጆቹን ማየት ነበረብኝ።

ጋሼ ልየው የትራያትሎን አሰልጣኝ ነበሩ። ትራያትሎን ማለት አንድ ሰው በአንድ ውድድር መጀመሪያ ዋኝቶ፣ ከውሃው ወጥቶ ብስክሌት ነድቶ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ደግሞ ሮጦ የሚጨርሰው ስፖርት ነው። ቢቸና ውስጥ ይህንን ለሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። «ሦስቱንም በአንድ ቀን የሚያደርገው ማን እያሳደደው ነው?» ያሉኝ ሴትዮ አሉ። ጋሼ ልየው ይህንን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሣቁና «እውነቷን ነው፤ ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነበር» አሉኝ።

ከእርሳቸው ጋር የተገናኘሁት በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ረዳት እንደሚፈልጉ ነገረኝና ሄድኩ። ስደርስ ጋሼ ልየው አንድ ብስክሌት ገልብጠው ካቴናውን በጋዝ ያጥባሉ። ስሜንና ያመጣኝን ጉዳይ ተናገርኩ። ቀና ሳይሉ «እህ?» አሉ። ደገምኩላቸው። «እህ?» አሉ አሁንም። በሦስተኛው ጨርቁን አስቀመጡና አዩኝ።

«ልጄ፣ ድምፅሽን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?»

ቀጥለውም ዋና እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን በእኛ ጊዜ ገንዳው ውሃ ስላልነበረው የተፈተንነው በወረቀት ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ስንት አመጣሽ?»

«ኤ።»

«ጎበዝ። ወረቀት ላይ የሰመጠ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

የቀለዱብኝ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። እርሳቸው ግን ወዲያው ድንጋይ ስበው አስቀመጡኝና ስለ ልብ ምት፣ ልጅ በጾም ሰዓት ምን ያህል መሥራት እንደሚችል፣ ስለ ጉልበት ሕመም ይጠይቁኝ ጀመር። ራሳቸው ከኮሌጅ በስፖርት ዲፕሎማ ያላቸው፣ ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። «የእኔ ትምህርት አርጅቷል፤ የአንቺ ገና ወተቱ አልደረቀም» አሉኝ። የምናገረውን ነገር አንድ ሰው እንዲያ አንገቱን አዘንብሎ ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። በኋላ ዋናም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከልጆቹ ጋር ተሰልፌ፣ ከልጆቹ ሁሉ ኋላ።

አሰልጣኝ እንዴት እንደሆኑ የሚጠይቃቸው ሰው አይጠፋም ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ውሃው የአባቴ ነው፤ ብስክሌቱ የደመወዜ ነው፤ ሩጫው የስብራቴ ነው።» ሰው ተረት መስሎት ያልፈዋል። እኔ ግን ጎማ በምንለጥፍባቸው ከሰዓቶች ጥቂት በጥቂት ሙሉውን ሰማሁ።

የተወለዱት ከሞጣ በታች፣ ወደ ዐባይ በሚወርደው ቆላ ነው። አባታቸውና አያታቸው ሰው አሻጋሪ ዋናተኞች ነበሩ። በበጋ ውሃው ሲጎድል ነጋዴው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ምራቷን ልታይ የምትሄደው ባልቴት ሁሉ ወደ እነሱ ይመጣል። መንገደኛው በአየር የተነፋ የፍየል ስልቻ ያቅፋል፤ ዋናተኛው ከኋላው በደረቱ እየገፋ ያሻግረዋል። ሥራው ሥርዓት ነበረው። ከወዲህ ዳር ዘመድ የመንገደኛውን እጅ ይዞ ለዋናተኛው ከእጅ ወደ እጅ ያስረክባል። ከማዶ የሚቀበል ሰው ከሌለ ግን እግሩ ደረቅ መሬት ቢረግጥም መንገደኛው ተሻገረ አይባልም። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት ከማዶ የሚቀበላት የልጅ ልጇ ቀረባት። የጋሼ ልየው አባት ባልቴቷን ትተው መመለስ አልሆነላቸውም፤ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትንሹ ልየው ከወዲህ ዳር ሆኖ አባቱን እያየ ጀምበር ዘቀዘቀች። የልጅ ልጇ በቅሎ እየጎተተ ሲመጣ ነው አባትየው እጇን አስረክበው ወደ ውሃው የገቡት።

«ዋናውንስ ከእንቁራሪትም እማረው ነበር» ይሉ ነበር ጋሼ ልየው። «አባቴ ያስተማረኝ መቀመጡን ነው።»

ብስክሌቱ የመጣው መምህር ሆነው ደመወዝ ሲቆረጥላቸው ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመላለሱበት ብስክሌት ገዙ፤ ከዚያ ፈጣን መሆናቸውን ሰው አየ፤ ከዚያ ባሕር ዳር ክለብ ገቡ። በአንድ ውድድር የዐባይን በረሃ ሲወርዱ ፍሬናቸው እምቢ አለና ከገደሉ ጠርዝ ላይ ወድቀው ግራ ትከሻቸው ተሰበረ። እስከ መጨረሻው ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከሩቅ ሲመጡ የማይታይ ባልዲ የተሸከሙ ይመስሉ ነበር። ሐኪሙ ብስክሌት ሲከለክላቸው መቀመጥ አልቻሉም፤ መሮጥ ጀመሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያዩ ሰዎች ከሐይቅ ወጥተው ብስክሌት ላይ ወጡ፤ ከብስክሌት ወርደው ሮጡ።

«ሹካውን ጣልኩት» አሉኝ። «አስተናጋጁን ጠርቼ፣ ‹ና እይ! እነዚህ ሰዎች የእኔን ዕድሜ በአንድ ጠዋት ጨረሱት!› አልኩት። ልጁ የሰከርኩ መሰለው።»

ጡረታ ሲወጡ ቢቸና ውስጥ ቡድን አቋቋሙ። ብስክሌቶቹ አሮጌ ናቸው፤ መዋኛችን የመስኖ ግድብ ነው፤ የማይሰምጥ ልብስ ስለሌለን ባዶ ጀሪካን በገመድ አስረን እናንሳፍፋለን። የውድድር ዘመናችን ከጥቅምት እስከ ሰኔ ነው። በጥቅምት ጋሼ ልየው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ፊርማ አይቀበሉም። አባት ወይም እናት የልጁን እጅ ይዘው በጋሼ ልየው እጅ ላይ ማኖር አለባቸው። ያላደረገ ወላጅ ልጁ ሜዳ ድረስ ቢመጣም ይመልሱታል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ልጆቹን አንድ በአንድ ቤታቸው ድረስ ወስደው ያስረክባሉ። «ይኸው ልጅሽ፤ ጣቶቿን ቁጠሪ፤ ኋላ አንድ ጎደለ ብትዪ አልሰማም!» እናቶቹ ሣቅ ይላሉ፤ ግን ሁሉም የልጃቸውን እጅ አየት ያደርጋሉ።

ከልጆቹ ሁሉ ብርቱዋ ማስተዋል ነበረች። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጃቸውን ለማግኘት ጋሼ ልየው ደጋግመው ደጅ ጠንተዋል። «ሩጫው ይሁን። ብስክሌቱም ይሁን፤ በቅሎ ነው እንበል። ውሃው ውስጥ ግን ምን በወጣኝ ነው ልጄን በወንድ ፊት የምነክራት?» ይሉ ነበር መሪጌታ። ጋሼ ልየው ለሴቶቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ ልብስ አሰፍተው ይዘው ሄዱ። መሪጌታ ልብሱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው አገላብጠው አዩትና «ይኼማ ከእኔ ቀሚስ ይረዝማል» ብለው እጇን ሰጧቸው።

ከሞጣ ከመጣ ቡድን ጋር ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ የልምምድ ውድድር ያደረግን ዕለት ማስተዋል ከሁሉም ቀድማ ነበር። ጋሼ ልየው፣ እኔና የሞጣው አሰልጣኝ መንገዱ ዳር ቆመናል። ማስተዋል ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ስትደርስ ከብስክሌቷ ወረደች። ብስክሌቷን ደገፍ አድርጋ አማተበች፤ ጎንበስ ብላ ተሳለመች፤ እንደገና ወጣች። እስከዚያ የሞጣ ልጆች እንደ ንብ አለፏት።

የሞጣው አሰልጣኝ ሆዱን ይዞ ሣቀ። «ጋሼ፣ ጸሎት ቤት ነው እንዴ የሚያሰለጥኑት?»

እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ልየው ግን ዓይናቸውን ከማስተዋል ላይ አላነሡም፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር።

«አየሃት?» አሉት። «ከመውረዷ በፊት ማርሽ ቀነሰች። ስትወጣ ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የጀመረችው። ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም!»

በማግሥቱ መሪጌታ በትራቸውን ይዘው ሜዳ ድረስ መጡ።

«ልየው፣ ልጄ አዋረደችህ አሉኝ።»

«ማን አለ? ማርሽ ቀንሳ ነው የወረደችው! እኔ ዐባይ በረሃ ላይ እንደ እሷ መውረድ ባውቅ ኖሮ ዛሬ ትከሻዬ እኩል ነበር።»

«ታዲያ አትውረጂ አላልካትም?»

«ልጅዎን የተቀበልኩት ከነእምነቷ ነው፤ ሸራርፌ ልመልስልዎት ነው እንዴ?»

መሪጌታ ብስክሌቱን ዞረው አዩት። ከዚያ በበትራቸው ብስክሌቱን ነካ አድርገው «በቅሎዋ ጥሩ ናት» አሉና ሄዱ።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጋሼ ልየው «ደጁ ላይ የምታጠፊውን ጊዜ ሌላ ቦታ እንፈልገዋለን» አሏት፤ ፈለጉትም። ከውሃ ወጥታ ጫማ ስታደርግ ብዙ እንደምትዘገይ አስተዋሉ። ሳምንታት ሙሉ፣ እርጥብ እግር ጫማ ውስጥ የሚገባበትን መንገድ ብቻ አሠሯት። ቆማ፣ ተቀምጣ፣ እየሄደች። እርሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው እግራቸውን ባልዲ ውስጥ እየነከሩ አብረዋት ይሞክሩ ነበር። ሰው የሌላውን ሰው ልማድ ሳይነካ፣ በዙሪያው ሌላውን ሁሉ ሲያስተካክል ያየሁት እርሳቸው ዘንድ ብቻ ነው።

ስለ እርሳቸው ሳስብ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ የግድቡ ቀን ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ልጆቹ በየተራ ወደ ማዶ እየዋኙ ይመለሳሉ። ማስተዋል መካከል ስትደርስ ድንገት ነፋስ ተነሣ፤ ውሃው ተቆጣ፤ የታሰረላት ጀሪካን ገመዱ ተፈታና ተንሳፍፎ ራቀ። ቆመች። ውሃ ላይ መቆም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እጆቿ ወደ ፊት መሄዳቸውን ትተው ወደ ላይ ይዘረጉ ጀመር። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ልናገር የነበረው ያኔ ነው። ጋሼ ልየው እጃቸውን በአፌ ፊት ዘረጉ።

«ከዳር የሚጠራት ካለ ነፍሷ ለሁለት ይከፈላል» አሉኝ ረጋ ብለው። ሸሚዛቸውን አወለቁ። ያን ጎባጣ ትከሻ ያለ ልብስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ ሲገቡ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

በቀጥታ ወደ እሷ አልዋኙም። ዞረው፣ ከፊቷ እንድታያቸው አድርገው ቀረቡ። ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ፤ አልነኳትም። ከዳር ሆነን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ የሚሉትን አንሰማም። ማዕበሉ ይመታቸዋል፤ አንድ እጃቸው ብቻ እንደሚሠራ ያስታውቅ ነበር፤ ፊታቸው ግን ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጎረቤት የሚያጫውቱ ሰው ፊት ነበር። ቀስ በቀስ የማስተዋል እጆች ወረዱ። ጀርባዋ ላይ ተኛች። ተነፈሰች። ከዚያ ራሷ ተገልብጣ ራሷ ዋኘች፤ እርሳቸው በነፋሱ በኩል ሆነው ውሃውን እየከለሉላት እስከ ዳር መጡ።

«ምን አሉሽ?» አልኳት ፎጣ እየደረብኩላት።

«እናትሽ ጎመን ስትሠራ ነጭ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ የምትጨምረው አሉኝ» አለች ጥርሷ እየተፋጨ። «አላውቅም አልኳቸው። ‹አስቢ፤ ጊዜ አለን› አሉኝ።»

ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። ጋሼ ልየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ጣቶቻቸው ሸሚዛቸውን መቆለፍ አልቻሉም። እኔ ቆለፍኩላቸው። ደረታቸው ውስጥ ልባቸው ምን ያህል እንደሚመታ በቁልፎቹ ላይ ይሰማኝ ነበር። ፈርተው ነበር። ያን ሁሉ ፍርሃት ይዘው ነው ስለ ጎመን የጠየቁት። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እኒህ ሰው ናቸው በዚያ ረቡዕ ጠዋት የሌሉት። ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ፍትሐቱ ላይ መሪጌታ ራሳቸው ቆመው አዜሙ፤ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ለክልል የሚመረጥበት ውድድር ነበረን፤ ማስተዋል ለእሱ ነበር የምትዘጋጀው። ስለ ውድድሩ ግን ማንም አላነሣም። ያነሡት ስለ ልጆቹ ነው።

«ልጄን ከእጄ ተቀብሎ ነበር» አሉ መሪጌታ መሬት መሬት እያዩ። «ሳይመልሳት ሄደ። እግዜር ነፍሱን ይማር፤ የእሱ ጥፋት አይደለም። አደራው ግን አብሮት ተቀብሯል። ከነገ ጀምሮ ትቀራለች።»

«የኔም ያው ነው» አለች አንዲት እናት። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚናገሩት በክፋት አልነበረም፤ ሁሉም ልጁ በውሃ መካከል የቀረ ያህል ነበር የሚያስበው።

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «መሪጌታ፣ ጽሕፈት ቤቱ እኮ አለ። ቡድኑ የጽሕፈት ቤቱ ነው።»

«ጽሕፈት ቤት እጅ አለው?» አሉ መሪጌታ።

ማንም አልሣቀም። ሰውየው «ረዳቷም አለች» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማስተዋል ምሰሶው አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር፤ እሷም አየችኝ። አንደበቴ ተያዘ። ጥቂት ጠበቁኝና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ፤ እንዳላሳፍር ብለው ነው፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ልሄድ ስል የጋሼ ልየውን ባለቤት እትዬ ጥሩዬን ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ሲያለቅሱ ውለው ድምፃቸው ደርቋል።

«ስላንቺ ያነሣ ነበር» አሉኝ። «ቡድኑን ለሷ ባስረክብ በወደድኩ፤ ግን መናገር እስክትጀምር እጠብቃታለሁ ይል ነበር። ይኸው፣ መጠበቁን ሳይጨርስ...» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ቤት ገብቼ ከእናቴ ጋር ተነጋገርን። ብዙ አልተነጋገርንም።

በማግሥቱ ጠዋት ከመሪጌታ ጥበቡ አጥር ውጪ ቆሜ ጠበቅኩ። ከኪዳን ሲመለሱ አዩኝ።

«ደህና አደርሽ ልጄ? ብስክሌቱን ፈልገሽ ነው?»

«ማስተዋልን ፈልጌ ነው» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ፤ ጎረቤት ያለ ውሻ ጮኸ። «ከእጅዎ ልቀበላት ነው የመጣሁት።»

በትራቸውን ደገፍ ብለው አዩኝ።

«ውሃ ትችያለሽ?»

«እስከ ግድቡ መካከል እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ገና ነኝ። እኔ እስክችል ከመካከል አላሳልፋትም።»

«ባሕር ዳርስ?»

«እስከዚያ እማራለሁ። ካልቻልኩ አንሄድም፤ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«ልየውም እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «አንቺስ ብትሞቺ?»

«እናቴ ታስረክብዎታለች። ትናንት ማታ ለምኛት እሺ ብላኛለች።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው «ማስተዋል!» ብለው ተጣሩ። በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር፤ የሩጫ ጫማዋን አድርጋለች። አባቷ እጇን ያዙ። ቶሎ አልሰጡኝም።

«የልየውን አደራ አይደለም የምሰጥሽ» አሉኝ። «እሱ ከልየው ጋር ነው። ይኼ ሌላ ነው፤ ያንቺ ነው።»

እጇን እጄ ላይ አኖሩት። ማስተዋልን ይዤ ወደ ሁለተኛው ልጅ ቤት ሄድኩ።